«ነገ ይምጡ»

(በምሩቃን መገናኛ ዕለት የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ መምህራኖቻችን፣ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ምሩቃን ወንድሞቼና እህቶቼ፤ እንኳን መካነ ሰላም ላይ ዳግም ለመገናኘት አበቃን።

አዘጋጆቹ በሥራ ሕይወት ውስጥ ስላለው መንፈሳዊነትና ሰብአዊነት እንድናገር ሲጋብዙኝ ፈራሁ፤ ሰባኪ አይደለሁማ። ስለዚህ የማውቀውን ልንገራችሁ። የማውቀው ደግሞ የራሴን ጥፋት ነው።

ተመርቄ በአንድ መሥሪያ ቤት በተቀጠርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። አንድ ቀን አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል፣ ፋይሌን ሰብስቤ ልወጣ ስል አንድ አዛውንት ገቡ። ከዓባይ በረሃ አፋፍ ተነሥተው ቀኑን ሙሉ ዳገት ሲወጡ ነው የዋሉት። የሚፈልጉት አንድ ፊርማና ማኅተም ነበር። «አባቴ፣ ሰዓት ደርሷል፤ ነገ ይምጡ» አልኳቸው። አልተከራከሩም። «እሺ ልጄ፣ እግዜር ይስጥህ» ብለው ወጡ።

በማግሥቱ ጠዋት ስመጣ ግድግዳውን ተደግፈው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። ከተማ ውስጥ ዘመድ የላቸውም፤ ያደሩት ቤተ ክርስቲያን ደጅ ነው። ወሩ ኅዳር ነበር። የዚህን አገር የኅዳር ብርድ ደግሞ እዚህ ዶርም ያደራችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ። ጉዳያቸውን ለመጨረስ አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም። እሳቸው ግን ከመቀመጫቸው ተነሥተው «እጅህን ይባርከው» ብለው መረቁኝ። ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም።

ከዚያ ወዲህ የአባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ ነገር ከልቤ አይወጣም። በዚሁ በደቡብ ወሎ ምድር ስማቸው የሚጠራው እኒህ አባት፣ «መጽሐፈ ምሥጢር»ን የጻፉ ታላቅ ሊቅ ናቸው። ትውፊቱ እንደሚለው ግን በሐይቅ እስጢፋኖስ ተማሪ ሳሉ ትምህርቱ አልገባ ብሏቸው ለገዳሙ እህል ይፈጩ ነበር። እህል የሚፈጭ ሰው ዱቄቱን ማን እንደሚበላው ያውቃል። እኔ ግን ፊርማዬን ማን እንደሚጠብቀው ረስቼ ነበር።

ገዳማውያን የእጅ ሥራቸውን «ተግባረ እድ» ይሉታል፤ ከጸሎታቸው ጎን የሚኖር ነው። ሙስሊም አባቶቻችንም ሥራን በኒያው ይመዝኑታል፤ እንጀራው ሐላል መሆኑንም ይጠይቃሉ። በቅሬያችንም ሰው ሲሞት ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ሞፈሩን ጥሎ፣ ሱቁን ዘግቶ ይመጣል፤ «ነገ ኑ» የሚል የለም። ታዲያ ይህን ሁሉ እያየን ያደግን ልጆች፣ ቢሮ ስንገባ ምን ነካን?

ከዚያ ቀን በኋላ አንዲት ልማድ ያዝኩ። ባለጉዳይ ሲገባ ወረቀቱን ከማየቴ በፊት «ከየት መጡ?» እላለሁ። ከሩቅ የመጣውን ሌሎቹን አስፈቅጄ አስቀድመዋለሁ። የጎደለ ነገር ካለ ሁለተኛ እንዳይመላለስ በወረቀት ጽፌ እሰጠዋለሁ። በቃ፣ ይኸው ነው። ሁልጊዜ ይሳካልኛል ብዬ አልዋሽም። ኔትወርክ ይጠፋል፤ ደመወዝ ወር አያደርስም፤ ሰው ይደክመዋል፤ እኔም እቆጣለሁ። ግን ስቆጣ እኒያ ሽማግሌ ትዝ ይሉኛል።

ብዙዎቻችን ዛሬ ከመስኮቱ ወዲህ ነን፤ ወዲያ ማዶ የቆመው ደግሞ የእናታችንና የአባታችን ቢጤ ነው። መምህራኖቻችንም፣ ቢሮአችሁን ፈራ ተባ እያለ የሚያንኳኳው ተማሪ ከየት እንደመጣ አንዳንዴ ጠይቁልን። እናንተ ጠይቃችሁን ስለነበር ነው አንዳንዶቻችን ትምህርታችንን ሳናቋርጥ ለዚህ የበቃነው።

በአገራችን ወግ በምርቃት ልሰናበት። ሥራችን ይቅና፤ እጃችን ይባረክ፤ ደጃችን የመጣ ሰው አዝኖ አይመለስ። ለከርሞም በሰላም ያገናኘን። አሜን።