ስደተኛን በግልጽ ስለ መቅጠር
(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



ከመገናኛ ተነሥቶ በላምበረት በኩል ወደ ኮተቤ፣ ከዚያም ወደ ካራ የሚወጣው መንገድ የአዲስ አበባ የሰሜን ምሥራቅ በር ነው። በስተግራ የእንጦጦ ተራሮች ተከታይ የሆነው የየካ ጋራ ይታያል። በመንገዱ ዳርና ዳር ደግሞ የእንጨት ሥራ ቤቶች፣ የብየዳ ቤቶች፣ ጋራዦችና የግል ትምህርት ቤቶች ይገኛሉ። ከብየዳ ቤቶቹ በአንዱ ደጃፍ አንድ ሰው ቆሟል እንበል። በአገሩ 12 ዓመት በበያጅነት ሠርቷል፤ የስደተኛነት መታወቂያ ይዟል፤ አማርኛው ግን ገና ነው። የሥራ ቤቱ ባለቤትም በያጅ አጥቶ ተቸግሯል። ሁለቱ በደጃፉ ላይ የሚነጋገሩት ነገር የዚህ ንግግር ርእስ ነው።

ለዚህ ሰው ሦስት ዓይነት መልስ ሊሰጠው ይችላል። አንደኛው «የአንተ ወረቀት ጣጣ አለው» ብሎ መመለስ ነው። ሁለተኛው በጓሮ በር አስገብቶ፣ ውል ሳይጽፉ፣ ለሌላው በያጅ ከሚከፈለው ግማሹን እየከፈሉ ማሠራት ነው። ሦስተኛው የሥራ ፈቃዱን አስወጥቶ፣ ውል ተፈራርሞ፣ ከሙያ ጓደኞቹ እኩል እየከፈሉ መቅጠር ነው። ለተመልካች የመጀመሪያው ጥንቃቄ፣ ሁለተኛው ብልጠት፣ ሦስተኛው ቸርነት ይመስለዋል። ነገሩ በሚገባ ሲመረመር ግን ሦስተኛው ቸርነት ሳይሆን ለአሠሪውም፣ ለስደተኛውም፣ ለኢትዮጵያዊው ሠራተኛም የሚበጅ የሥራ አመራር ሆኖ ይገኛል።

ስደተኛን ተቀብሎ በሙያው ማሠራት ለአዲስ አበባ እንግዳ ነገር አይደለም። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ኢየሩሳሌምን በጐበኙ ጊዜ፣ ከአርመኖች እልቂት የተረፉ ወላጅ አልባ ወጣቶች በአርመን ገዳም የማርሽ ሙዚቃ ሲጫወቱ ሰሙ። ከፓትርያርኩም ጋር ተስማምተው 40ዎቹን ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው፤ «አርባ ልጆች» የሚለው ስም የቀረላቸው ከዚያ ወዲህ ነው። ወጣቶቹ የመጡት ለምጽዋት አልነበረም። ዘመኑ የተወሰነ ውልና ደመወዝ ተሰጥቷቸው፣ ኬቮርክ ናልባንዲያን የተባለ መምህር ተመድቦላቸው፣ በመንግሥት ሙዚቀኝነት አገለገሉ። የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሰው ይኸው መምህር ነው። የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያንም ከጊዜ በኋላ ብዙ ኢትዮጵያውያን ሙዚቀኞችን አሠልጥኗል። እንግዲህ የታወቀ ሥራ፣ የተጻፈ ውልና የሚያሠለጥን ሰው ሲገናኙ ስደተኛው ለተቀበለው አገር ምን ሊተርፍ እንደሚችል ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ወደ ሕጉ ሲመጣ፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የስደተኞች ስምምነት የተፈረመው በዚሁ ከተማ ጳጉሜን 5 ቀን 1961 ዓ.ም. ነው። ኢትዮጵያ በዚያው ጊዜ ገደማ የጄኔቫውን የ1951 እ.ኤ.አ. ስምምነት ስትቀበል ግን ስለ ቅጥር የሚናገረውን አንድ ንኡስ አንቀጽ እንደ ምክር እንጂ እንደ ግዴታ እንደማትቀበለው አስታውቃ ነበር። ስለዚህ ስደተኛው ለረጅም ዘመን መጠለያና ቀለብ እንጂ ሥራ የሚገባው ሰው ሆኖ አልታየም። ይህን የለወጠው አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ነው። በአዋጁ አንቀጽ 26 መሠረት ስደተኛውና ጥገኝነት ጠያቂው ለውጭ አገር ዜጎች በሚሰጠው እጅግ የተሻለ አስተያየት መጠን ተቀጥረው የመሥራት መብት አላቸው። መንግሥትና ዓለም አቀፉ ኅብረተሰብ ለስደተኞችና ለኢትዮጵያውያን በጋራ ባቀዷቸው ሥራዎች ላይ ደግሞ ከኢትዮጵያዊው ጋር እኩል ይታያሉ።

ነገር ግን አዋጅ ብቻውን እስከ ኮተቤ የብየዳ ቤት አይደርስም። በመስከረም 2009 ዓ.ም. በኒው ዮርክ በተደረገው የመሪዎች ጉባኤ አካባቢ በኢንዱስትሪ ፓርኮች 100,000 የሥራ ቦታዎች እንዲከፈቱና ከእነዚህም ከመቶ 30ው ለስደተኞች እንዲሆን ታቅዶ ነበር፤ ይሁን እንጂ ዕቅዱ የታሰበውን ያህል ስደተኛ ሥራ አላስያዘም። ቁጥር ከላይ ሊመደብ ይችላል፤ ቅጥር የሚፈጸመው ግን አንድ አሠሪ አንድን ሰው ለማመን ሲቈርጥ ነው። አሠሪውን የሚያግዱት ጉዳዮች ደግሞ አራት ናቸው።

አንደኛው ወረቀት ነው። አሠሪው የስደተኛውን መታወቂያ አይቶ ከመገመት ይልቅ ወደ ስደተኞችና ተመላሾች አገልግሎት ሄዶ ስለ ሥራ ፈቃዱ መጠየቅ ይገባዋል። የፋይዳ መታወቂያ ለስደተኞችም መሰጠት መጀመሩ የማንነትን ጥያቄ አቅልሎታል። አንድ ትንሽ ሥራ ቤት ለዚህ ምልልስ ጊዜ ባይኖረው፣ የሠራተኛ አስተዳደር ሙያተኞች ለብዙ ሥራ ቤቶች በአንድነት ሊፈጽሙት ይችላሉ።

ሁለተኛው የሙያ ማስረጃ ነው። በ2013 ዓ.ም. በጦርነቱ ምክንያት ከሂጻጽና ከሽመልባ የስደተኛ ጣቢያዎች የተበተነ ሰው፣ ወይም ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በኋላ ከሱዳን የሸሸ መካኒክ ዲፕሎማውን ይዞ ላይመጣ ይችላል። ወረቀት በመንገድ ይጠፋል፤ የለመደ እጅ ግን አይጠፋም። አንድ የበር ፍሬም አስበይዶ ማየት ከብዙ ማኅተም ይበልጣል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ60 የሥራ ቀን የማይበልጥ የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ ለመዋዋል ይፈቅዳል፤ ሙከራው ግን ደመወዝ የሚከፈልበት ሥራ እንጂ የነጻ ጕልበት መሆን የለበትም።

ሦስተኛው ተያዥ ነው። ይህ ልማድ ከሌላው ሁሉ ይልቅ ለስደተኛው የተዘጋ በር ነው፤ በቅርብ ያሉት ዘመዶቹ እንደ እርሱ ስደተኞች ናቸውና። ገንዘብ ለማይዝ በያጅ ወይም አናጺ ተያዥ ለምን እንደሚያስፈልግ ራሱን የጠየቀ አሠሪ ጥቂት ነው። መሣሪያን በየዕለቱ በፊርማ ማስረከብና መረከብ፣ ኃላፊነትንም ደረጃ በደረጃ መጨመር ያንኑ ሥጋት ያቃልላል።

አራተኛው ቋንቋ ነው። ኤርትራዊው ፊደሉን ያውቀዋል፤ ሱዳናዊውና ሶማሌው ግን ከሀ ይጀምራሉ። ይሁን እንጂ በብየዳ ቤት አስቀድሞ የሚያስፈልገው ሰዋስው አይደለም፤ «ቁም»፣ «ተጠንቀቅ»፣ «መብራቱን አጥፋ» የሚሉት አደጋ የሚያስጥሉ ቃላት ናቸው። ኮተቤ ለብዙ ዘመን መምህራን ሲሠለጥኑበት የኖረ ሰፈር ነው፤ ሥራ ቤቱም በአቅሙ የማስተማሪያ ቦታ ሊሆን ይችላል። ለአዲሱ ሠራተኛ አንድ ነባር ባልደረባ ይመደብለት፤ ያ ባልደረባ ለማስተማር የሚያጠፋው ሰዓትም እንደ ሥራ ይቈጠርለት። ካቦው ደግሞ ሰውየውን በስሙ ይጥራው እንጂ «ስደተኛው» አይበለው። እንዴት እንደ ተሰደደም ራሱ ካልተናገረ አይጠየቅ፤ የተቀጠረው ለብየዳ ነውና።

ከዚህ በኋላ የሚነሣው ከባዱ ጥያቄ «የራሳችን ልጆች ሥራ አጥተው እያሉ እንዴት?» የሚለው ነው። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም፤ በየማለዳው በኮተቤ መንገድ ዳር ቆመው የቀን ሥራ የሚጠብቁትን ወጣቶች ላየ ሰው እውነት አለው። ነገር ግን የእነዚያን ወጣቶች ዋጋ የሚያወርደው በግልጽ የተቀጠረው ስደተኛ ሳይሆን በስውር የተቀጠረው ነው። አንድ በያጅ በግማሽ ዋጋ መገኘቱ ከታወቀ፣ ነገ ኢትዮጵያዊውም «በዚህ ካልሠራህ ሂድ» ይባላል። በውል፣ በእኩል ደመወዝ የተቀጠረ ስደተኛ ግን የማንንም ዋጋ አይሰብርም። አሠሪውም ቢሆን «በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች» የተባለው እንዳይደርስበት ማሰብ ይገባዋል፤ በስውር ያሠራው ሰው እጁ ቢቃጠል የሚያሳክምበት ሥርዓት የለም፤ የተሻለ ዋጋ ሲያገኝም ሥራውን ጥሎ ይሄዳል።

በመጨረሻም ኢትዮጵያውያን ይህን ደጃፍ ከውጭ ቆመው ያዩት መሆኑ አይዘነጋ። በ1970ዎቹ በሱዳን በኩል ተሰደው አሜሪካ ከገቡት መካከል ዲግሪያቸውን በሻንጣ አስቀምጠው በዋሽንግተን መኪና ያቆሙ፣ ታክሲ የነዱ ብዙዎች ናቸው። የጠፋው የእነርሱ ዘመን ብቻ አልነበረም፤ የተቀበላቸውም አገር በእጁ የገባ ሙያ አምልጦታል።

በኮተቤ ደጃፍ የቆመው በያጅ አሁንም መልስ ይጠብቃል። የሙያ ማኅበሩ አባላት ለአሠሪው የፈቃዱን መንገድ ቢያሳዩት፣ የሙከራውን ውል ቢያረቁለት፣ ካቦውንም አስቀድመው ቢያነጋግሩት ሦስተኛው መልስ ከሦስቱ ይበልጥ የቀለለው ይሆናል።