የራስን ትንፋሽ ስለ መቁጠር
(ሰቶ ሰመሮ ላይ ለማኅበራችን አባላት የቀረበ ንግግር)



የሰውን ትንፋሽ በመቁጠር ረገድ ከእኛ የበለጠ ልምድ ያለው አይገኝም። ከማና ወይም ከጎማ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ የመጣ፣ ሳል የጠናበት ሕፃን ሲቀርብልን ደረቱን ገልጠን፣ ሰዓታችንን ይዘን አንድ ሙሉ ደቂቃ እንቆጥራለን። ዕድሜው ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት ከሆነ 50፣ ከዚያ በላይ እስከ 5 ዓመት ከሆነ ደግሞ 40 የደረሰ እንደሆነ የሳንባ ምች እንጠረጥራለን። በዚያች ደቂቃ ወሬ የለም፤ ዓይናችን ከሕፃኑ ደረት አይነቀልም። እንድናገርበት የታዘዝሁት ርእስ ተመስጦ ሲሆን፣ በእኔ አስተያየት ተመስጦ ማለት ይህችኑ የምናውቃትን ትኩረት ወደ ራስ መመለስ ነው።

ለምን ያስፈልገናል? ሌሊቱን ሲሯሯጥ ያደረ ነርስ ጠዋት ተረኛውን አስረክቦ ሲወጣ እግሩ ቤቱ ይደርሳል እንጂ ሐሳቡ ከሕሙማን ክፍል አይወጣም። ልጇን ያጣችው እናት ጩኸት አብሮት ይተኛል። ይህ ሲጠራቀም ሕመምተኛው በስሙ መጠራቱ ይቀርና በአልጋ ቁጥሩ መጠራት ይጀምራል፤ አስታማሚ ጥያቄ ሲያቀርብም መልሱ ቁጣ ይሆናል። የሚጎዳው እንግዲህ ነርሱ ብቻ አይደለም።

አንዳንድ ባልደረቦቼ «ይህ ከእምነቴ ጋር አይጋጭም ወይ?» ሲሉ ይጠይቃሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ልብን ሰብስቦ መቀመጥ ለአገራችን ባዕድ አይደለም። የገዳም አባቶች ጽሞና ይይዛሉ፤ ምእመኑ መቁጠሪያውን ይዞ 41 ጊዜ እግዚኦ ይላል። የጅማ ሙስሊም ከሶላት በኋላ ሙስበሃውን እያንቀሳቀሰ 33 ጊዜ ሱብሐነላህ ይላል። የእነርሱ ዓላማ አምልኮ ነው፤ የእኛ የዛሬው ጉዳይ ጤና ነውና ሁለቱን አንድ ናቸው አልልም። ቢሆንም አሜሪካዊው ሐኪም ኸርበርት ቤንሰን በ1975 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ለጀማሪ ያቀረበው ዘዴ አንድን ቃል እየደጋገሙ፣ ሌላ ሐሳብ ሲመጣም ሳይታገሉት ወደ ቃሉ መመለስ ነበር፤ ቃሉ ከየሰው ጸሎት ቢወሰድም አይከለክልም።

ጥቅሙንም ማጋነን አይገባም። በ2014 እ.ኤ.አ. 47 ጥናቶችን፣ በድምሩ 3,515 ሰዎችን ያካተተ ግምገማ ታትሞ ነበር። ጭንቀትን፣ ድባቴንና የሕመም ስሜትን በመጠኑ እንደሚያቃልል መካከለኛ ማስረጃ ተገኝቷል፤ ከመድኃኒት ወይም ከአካል እንቅስቃሴ እንደሚበልጥ ግን አልታየም። ለአንድ ወንበርና ለጥቂት ደቂቃ ይህ ትንሽ ዋጋ አይደለም።

አጀማመሩ እንዲህ ነው። ወንበር ላይ ጀርባን ቀጥ አድርጎ፣ እግርን መሬት አስረግጦ መቀመጥ፤ ዓይንን መክደን ወይም ወደ ወለሉ ዝቅ ማድረግ። ትንፋሽን ማስረዘምም ሆነ ማሳጠር አያስፈልግም፤ እንዳለ ይተው። በወጣ ቁጥር አንድ፣ ሁለት እያሉ እስከ አሥር መቁጠር፣ ከዚያም እንደገና ከአንድ መጀመር። ሦስት ላይ ሳትደርሱ ሐሳባችሁ ወደ ደመወዝ ወይም ወደ ልጆች ትምህርት ቤት ይሄዳል። ጀማሪው «አልተቻለኝም» ብሎ የሚነሣው በዚህ ጊዜ ነው። ሐሳቡ መሄዱን ማወቅና ያለ ወቀሳ ወደ አንድ መመለስ ግን ራሱ ሥራው ነው፤ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሃያ ጊዜ የተመለሰ ሰው ሃያ ጊዜ ሠርቷል። ለመጀመሪያው ሳምንት አምስት ደቂቃ ይበቃል። ሰዓቱም ቋሚ ቢሆን ይመረጣል፤ ቡናው እየተቆላ ሳለ፣ አቦል ሳይቀዳ መቀመጥ ይቻላል። ከበረካ በኋላ ልብ እየመታ ጸጥታ መፈለግ ግን ከንቱ ድካም ነው። በክረምት የጅማ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ትንፋሽን መስማት አዳጋች ስለሚሆን፣ ያን ጊዜ ዝናቡን ራሱን ማዳመጥ ያስኬዳል።

በአካባቢያችን ተመስጦን ከምርቃና ጋር የሚያመሳስሉ አሉ። ጫት ቅሞ በዝምታ የተዋጠ ሰው ከውጭ ሲያዩት ይመስላል። ነገር ግን ምርቃና ተበድሮ የሚመጣ ንቃት ነው፤ ዕዳውም በማግሥቱ በዱካክና በድካም ይከፈላል። በሌሊት ተረኝነት ጫትን መደገፊያ ያደረጉ ባልደረቦች ስላሉን ይህን በግልጽ መነጋገሩ የማኅበራችን ኃላፊነት ይመስለኛል።

ዓይኑን በከደነ ቁጥር ያየው አደጋ ወይም ሞት የሚመላለስበት ሰው ዓይኑን ገልጦ፣ ቀስ ብሎ በመራመድ የእግሩን አረጋገጥ ይከታተል፤ ካልተሻለውም ይተወው። እንቅልፍ ለሳምንታት የራቀው፣ ወይም ሕይወቱን ስለ ማጥፋት የሚያስብ ባልደረባ ሲያጋጥመን «ተቀምጠህ ትንፋሽህን ቁጠር» ማለት ሕክምና አይደለም። ለሕመምተኛ እንደምናደርገው ሁሉ ወደ አእምሮ ሕክምና ክፍል አብረነው እንሂድ፤ ብቻውን አንላከው።

ለጥያቄ ከተመደበልን ጊዜ ላይ አምስት ደቂቃ እንዲቀነስልኝ ሰብሳቢያችንን አስፈቅጃለሁ። ወንበራችሁን አመቻቹ፤ ሰዓቱን እኔ እይዛለሁ።