የየቲሞች መዝገብ አማና ነው፦ ከአንድ ጀማሪ የክላውድ ልምምድ የተገኘ ትምህርት

(በሸዋ ሮቢት ለለጋሾች፣ ለአሳዳጊዎችና ለቤተሰቦች የቀረበ ንግግር)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና ለአላህ (ሱ.ወ.) ይሁን። ሰላትና ሰላም በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



ዛሬ እንድናገር የተጠየቅሁት ክላውድ ኮምፒዩቲንግ ስለሚባለው ነገር ነው። እኔ የኮምፒውተር ምሩቅ አይደለሁም፤ መዝገብ የምጽፍና የምጠብቅ ሰው ነኝ። ሆኖም በቅርቡ ከጀማሪዎች ጋር ተቀምጬ አንድ የተግባር ሥራ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በእጄ ሠርቻለሁ። ሥራው የየቲሞችን መዝገብ እንዴት መጠበቅ እንደሚገባን ብዙ ስላስተማረኝ ላካፍላችሁ ወደድሁ።

መዝገቡ ለምን ያሳስበናል?

በአንድ የቲም ፋይል ውስጥ የልደት ማስረጃው፣ የአባቱ የሞት ማስረጃ፣ የሞግዚትነት ውሳኔው፣ የትምህርት ውጤቱና የተከፈለለት ገንዘብ ደረሰኝ ይገኛሉ። ይህ ወረቀት ቢጠፋ ልጁ የአባቱን ውርስ ለመጠየቅም ሆነ የእናንተን እርዳታ ለማግኘት ይቸገራል። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ በተቃጠለች ጊዜ፣ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ እዚህ ሸዋ ሮቢት በደረሰ ጊዜ፣ ብዙ ሰው ነፍሱን ይዞ ሸሽቷል። ነፍሱን ይዞ የሚሸሽ ሰው የመዝገብ ሣጥን ለመሸከም ፋታ የለውም።

ደመናው የት ነው?

ክላውድ ማለት ደመና ነው። በይፋት ቆላ ደመና ሲባል ሁላችንም ቀና የምንለው ዝናብ ፍለጋ ነው። ይህኛው ግን በሰማይ ላይ የለም፤ በምድር ላይ በታላላቅ ሕንፃዎች ውስጥ የተደረደሩ ኮምፒውተሮች ናቸው። ባለቤቶቻቸው ቦታውን በኢንተርኔት በኩል ያከራያሉ። አማዞን የተባለው ኩባንያ እንዲህ ያለውን የፋይል ማከማቻ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2006 ለተጠቃሚዎች አቅርቧል፤ በ2020 ደግሞ በደቡብ አፍሪካ ኬፕ ታውን ማዕከል ከፍቷል። በሀገራችንም ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌክላውድ የተባለ አገልግሎት አለው።

ነገሩ የቀወት ገበሬ ማሾውን በነጋዴ መጋዘን እንደሚያኖር ያለ ነው። ግድግዳው የነጋዴው ነው፤ ማሾው የገበሬው ነው። ቁልፉ በማን እጅ እንዳለ መጠየቅም የገበሬው ፋንታ ነው።

የሠራሁት ሥራ

የልምምዱ ዓላማ አንድን መዝገብ በደመናው ማከማቻ ማኖር፣ ለተፈቀደለት ሰው ብቻ መክፈትና ቢበላሽ መመለስ ነበር። የእውነተኛ ልጅ ስም አንድም አላስገባሁም፤ ለመለማመጃ የፈጠርኋቸውን ስሞች ጻፍሁ።

በመጀመሪያ የተማርሁት ዋናው ቁልፍ ለዕለት ሥራ እንደማያገለግል ነው። ዋናው አካውንት ሁሉን ማድረግ ይችላል፤ ስለዚህ ከይለፍ ቃሉ በላይ በስልክ የሚመጣ ሁለተኛ ማረጋገጫ ተደርጎበት ይቀመጣል። ለዕለት ሥራ ሥልጣናቸው የተወሰነ ሁለት ተጠቃሚዎችን ፈጠርሁ። አንደኛው መጻፍም ማንበብም ይችላል፤ ሁለተኛው ማንበብ ብቻ።

ቀጥሎ «ባኬት» የሚሉትን ማከማቻ ከፈትሁ፤ ባልዲ ማለት ነው። በአማዞን ዘንድ እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ አዲስ ባኬት ለሕዝብ ዝግ ሆኖ ይፈጠራል፤ የሚገባበት ፋይልም ተመስጥሮ ይቀመጣል። ይህን በቃል ብቻ አልተቀበልሁም። የፋይሉን አድራሻ ይዤ አካውንቱ በሌለበት ሌላ ስልክ ሞከርሁት፤ «አልተፈቀደም» የሚል መልስ መጣ። እንደዚያ ቀን መከልከል አስደስቶኝ አያውቅም።

በመጨረሻም የቀድሞ ቅጂዎችን የሚያስቀምጠውን አሠራር አበራሁ። በመዝገቡ ላይ 500 ብር የሚለውን 400 ብር ብዬ ለውጬ መልሼ ጫንሁት። የቀድሞው ቅጂ ከነቀኑና ከነሰዓቱ በቦታው ነበር። ማን ገብቶ ምን እንደሠራ የሚመዘግብ ሌላ መሣሪያም አለ። በሱረቱ አን-ኒሳእ የየቲሙ ገንዘብ ሲመለስለት ምስክር እንዲቆም መታዘዙን ታውቃላችሁ። መሣሪያው የሰውን ምስክርነት አይተካም፤ ግን ያግዘዋል።

ሥራው ሲያልቅ የተለማመድሁበትን ሁሉ አጠፋሁ። በደመና ክፍት የተተወ ነገር ሒሳብ ይቆጥራልና፤ ወጪ ከተወሰነለት ሲያልፍ የሚያስጠነቅቅ መልእክትም አስቀድሞ ይዘጋጃል።

ምን እናድርግ?

ማከማቻውን መክፈት የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። ከባዱ የእኛ ውሳኔ ነው። የአንድም ልጅ ስም ከመግባቱ በፊት ማኅበራችን እነዚህን ነገሮች ቢወስን መልካም ነው እላለሁ።

አንደኛ፣ ዋናው ቁልፍ በአንድ ሰው እጅ ብቻ አይሁን። ከኃላፊነቱ የሚለቅ ሰው በለቀቀበት ቀን መግቢያው ይዘጋ።

ሁለተኛ፣ በደመናው ብቻ አንታመን። በክልላችን ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተቋርጦ እንደነበር አንዘነጋም። ስለዚህ ወረቀቱ በተቆለፈ ሣጥን፣ ሁለተኛው ቅጂ በሌላ ከተማ በፍላሽ፣ ሦስተኛው በደመናው ይቀመጥ።

ሦስተኛ፣ ሕጉን እናክብር። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰውን መረጃ በሕጋዊ መንገድ መያዝን ያዛል፤ ከሀገር ውጭ ለሚላክ መረጃም ቅድመ ሁኔታ አስቀምጧል። መረጃው የሚቀመጥበትን ሀገር የምንመርጠው ይህን አይተን ነው።

አራተኛው እናንተን ለጋሾችን ይመለከታል። የምትረዱትን ልጅ ፎቶግራፍ ለማየት መሻታችሁ ከፍቅር ነው። ነገር ግን በፌስቡክና በቴሌግራም የተለቀቀ የችግር ፎቶግራፍ ልጁ አድጎ ትዳር ሲይዝ፣ ሥራ ሲፈልግም ይከተለዋል። የባኬቱን በር ዘግተን ፎቶግራፉን አደባባይ ብናወጣ መዝጋታችን ምን ይረባል? ስለዚህ ሪፖርት ስትጠይቁ የልጁን ውጤትና የገንዘቡን ደረሰኝ ጠይቁ፤ ፊቱን ለክብሩ ተዉለት።

ለአሳዳጊዎችም አንድ ቃል አለኝ። ይህ ሙያ ለልጆቻችሁ የተዘጋ አይደለም። የአማዞን ኤደብልዩኤስ ኤጁኬት ዕድሜያቸው 13 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ያለ ባንክ ካርድ በነፃ የሚያስተምርና የሚያለማምድ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች መርሐ ግብርም ነፃ ትምህርት በኢንተርኔት አቅርቧል። ትምህርቶቹ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ስለሆኑ ቋንቋውን አብሮ ማስተማር ያስፈልጋል። አንድ ኮምፒውተርና የወር የኢንተርኔት ክፍያ ለዚህ ነይቶ የሚሰጥ ለጋሽ ቢገኝ፣ ዛሬ በመዝገቡ ላይ ስሙ የተጻፈው የቲም ነገ የመዝገቡ ጠባቂ ይሆናል፤ ኢንሻአላህ።

አላህ ሰደቃችሁን ይቀበላችሁ፤ አማናውን የምንጠብቅ ያድርገን።