የጠይቡ ስም

(በአንድ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የምረቃ በዓል ላይ በተጋባዥ እንግዳ የተደረገ ንግግር)



ሲጋብዙኝ «ለልጆቹ ምክር ቢጤ ይለግሱልን» ብለውኝ ነበር። ምክሩን ከእኔ በፊት የተናገሩት ጨርሰውታል። ለእኔ የተረፈኝ ኑዛዜ ነው።

የተወለድኩት ጎጃም ገጠር ውስጥ ነው። ግንቦት ላይ፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ አባቴ ማረሻውን ፈትቶ ትከሻው ላይ ጣል ያደርግና እኔን አስከትሎ ወደ ጠይቡ ቤት ይወርዳል። ይወርዳል ማለቴ ቤቱ ከመንደሩ በታች፣ ወንዙ ዳር፣ ለብቻው ስለነበረ ነው። ከመውጣታችን በፊት እናቴ አንገቴ ላይ የታሰረውን ክታብ ነካ ነካ አድርጋ ታስተካክልና «ዓይኑን እንዳታየው» ትለኛለች። እኔ ግን አየው ነበር። ጭስ ያቀላው፣ እንቅልፍ ያጣ፣ የደከመ ሰው ዓይን ነበር። ልጁ ወናፉን ይነፋል፤ እሱ የጋለውን ማረሻ በጉጠት ይዞ መስፉ ላይ ያጋድምና በመዶሻ ይቀጠቅጠዋል። አባቴ ቆሞ ይጠብቃል። አይቀመጥም። የጠይቡ ሚስት ጠላ ይዛ ስትመጣ «ጾም ይዣለሁ» ይላል። ልብ በሉ፣ ወሩ ግንቦት ነው። በበዓለ ሃምሳ፣ ቄሱ እንኳ በማይጾሙበት ወቅት፣ አባቴ ጾም ይይዝ ነበር።

ማረሻው ስሎ ይዘነው እንመለሳለን። ያ ብረት መሬታችንን ያርሳል፣ ጤፉ ይበቅላል፣ እኛም እንበላለን። እጁ የሠራው ብረት ያበቀለውን እየበላን፣ ከቤቱ የተቀዳ ጠላ ግን አንቀምስም። ይህ ነገር ዓይናችን ሥር ተጎልቶ ነበር፤ በመንደራችን ያየው ሰው አልነበረም። እኔም አላየሁትም።

እስካሁን «እሱ» ስል ልብ ያላችሁ ትኖራላችሁ። ሰውየው የአባቴን አባት የሚያክሉ ሽማግሌ ነበሩ። እኛ የስምንትና የዘጠኝ ዓመት ልጆች «አንተ» እንላቸው ነበር፤ የተቆጣንም የለም። ከዚህ በኋላ ግን «እሳቸው» እላለሁ። ዘግይቻለሁ፣ አውቃለሁ።

የሚታመነው ምን ነበር? ጠይብ ቡዳ ነው፤ ሌሊት ጅብ ይሆናል፤ በዓይኑ ሰው ይበላል። ይህ የእኛ ቀበሌ ፈጠራ አልነበረም። ጎንደር አጠገብ በወለቃ ሸክላ ይሠሩ የነበሩ ቤተ እስራኤልም ቡዳ ይባሉ ነበር፤ ከፋ ውስጥ ማንጆ፣ ጋሞ ውስጥ ማና፣ ጉራጌ ውስጥ ፉጋ የተባሉትም በየአገሩ ተገልለው ኖረዋል። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ትግራይ ውስጥ ለዓመታት የኖረው እንግሊዛዊ ናትናኤል ፒርስ ጆሮው ላይ ጉትቻ ስላለው ጅብ ጽፏል። ጉትቻው እንግዲህ ማስረጃ መሆኑ ነው፤ ጠይቡ ሲለወጥ ማውለቅ ረስቶ! አንድ እምነት ሥር ሲሰድ ምስክሩን ራሱ ይወልዳል። ከባሕር ማዶ የመጣው ሰው እንኳ አላመለጠውም።

ለዚህ ነገር መድኃኒት የፈለገ አልነበረም እንዳትሉ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. አዋጅ አስነግረዋል። ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውን፣ ጸሐፊውን፣ ነጋዴውን፣ ገበሬውን ሳይቀር በሥራው እያነወራችሁ ትሰድባላችሁ፤ ሁላችንም የአዳምና የሔዋን ልጆች ነን፤ ሠራተኛን የሰደበ እኔን እንደ ሰደበ ይቆጠራል የሚል ነው መንፈሱ። ተሳድቦ የተገኘ አንድ ዓመት እንዲታሰርም ደንግገዋል። በሌላው አገር መድፍና ባቡር የሚሠራው ሰው መሐንዲስ ተብሎ ይከበራል እንጂ አይሰደብም ብለው እስከ መገሠጽ ደርሰዋል። ንጉሠ ነገሥት፣ የዓድዋ ባለድል፣ አንድ ዓመት እስራት! ከዚህ የበለጠ ምን ይባላል? እኔ ማረሻ ተከትዬ ወደ ወንዙ ዳር ስወርድ ያ አዋጅ 60 ዓመት ሊሞላው ነበር።

ለምን አልሠራም? ብዙ ዓመት «ሕዝቡ ስላልተማረ» እያልኩ ስመልስ ኖሬአለሁ። መልሱ ያ እንዳልሆነ የነገረኝ አንድ ስብሰባ ነው።

የካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31 ወጣ። የእድገት በኅብረት ዘማቾች፣ ከእኔ በጥቂት ዓመት የሚበልጡ ተማሪዎች፣ መንደራችን ደረሱና ሰውን ሁሉ ዋርካው ሥር ሰበሰቡ። እኔ 15 ዓመቴ ነበር። አንዱ ዘማች ጠይቡም እንደማንኛውም ሰው መሬት ይደርሳቸዋል ብሎ ተናገረ። ጠይቡ ከሁሉም ኋላ፣ ከልጃቸው ጋር ቆመው ነበር። ጉርምርምታ ተነሣ። ከዚያ አባቴ፣ በስብሰባ ላይ አፉን ከፍቶ የማያውቀው አባቴ፣ ተነሥቶ ጮኸ፦

«እሱ መሬት ከያዘ ማረሻችንን ማን ሊስልልን ነው?»

በዚያ ቀን ስለ ጅብ የተናገረ አንድም ሰው የለም። ስለ ዓይናቸው፣ ስለ ሌሊቱም የተነፈሰ የለም። በርስት አገር፣ አባት አያት ቆጥሮ መሬት የሚይዝ ሰው፣ መሬት የሌለው ባለ እጅ ያስፈልገው ነበር፤ እህል ለመስፈር በየደጁ የሚቆም፣ ዋጋ የማይጨምር፣ ጥሎ የማይሄድ ባለ እጅ። ያንን ደግሞ «ርካሽ ሥራ ስለፈለግን ነው» ብሎ ለራሱ የሚናገር ሰው የለም። «ቡዳ ስለሆነ ነው» ማለት ይቀላል። አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን ስል አባቴን ለመሸፈን አይደለም። ክፉ መሆን ሳያስፈልገው ነው ያን ሁሉ ያደረገው። የምኒልክ አዋጅ ስድቡን ከለከለ እንጂ መሬቱን ባለበት ተወው፤ ስድቡ ደግሞ መሬቱ ላይ የበቀለ ነበር።

ክርክሩ ወራት ፈጀ። በመጨረሻ ጠይቡ ወንዙ ዳር ጭንጫ መሬት ተሰጣቸው። ጭንጫም ቢሆን መሬት ነው። ሁለት በሬ ጠመዱ። በሚቀጥለው ግንቦት አባቴ ማረሻውን ይዞ ሲወርድ «ዛሬ እያረስኩ ነው፤ ሐሙስ ተመለስ» አሉት። ተመለሰ! ሐሙስ ዕለት ተመልሶ ሄደ። በዚያ ዓመት ጠላውን ጠጣ አልጠጣ አላየሁም፤ በሁለተኛው ዓመት ግን አንድ ግንድ ላይ ተቀምጦ ሲጠብቅ አይቼዋለሁ።

ሌላም የተለወጠ ነገር አለ፤ በእኔ ግምት ከመሬቱ የማይተናነስ። ቡዳ የሚባለው እምነት ሥራ ነበረው። ማታ ደኅና የዋለ ሕፃን ሌሊት ሆዱን ይዞ ጮኾ ጠዋት ሲሞት እናት ምክንያት ትፈልጋለች። ምክንያት የሌለው ሞት አይቻልም። «ጠይቡ አየው» ቢያንስ መልስ ነው። በ1992 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ቁጥሩ ወደ 67 ወርዷል። ክትባቱ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ፣ አጎበሩ ሕፃናቱን ሲያተርፉ የሚጠየቀው ጥያቄም ቁጥሩ ቀነሰ። እናቴ በስተርጅናዋ የልጅ ልጇ ሲታመም «ቶሎ ጤና ጣቢያ!» ትል ነበር። ክታቡንም ግን አላወለቀችለትም። ሁለቱን አንድ ላይ ይዛ ሞተች። እምነት ሲለወጥ እንደ ልብስ ወልቆ በሌላ አይተካም፤ አንዱ በአንዱ ላይ ይደረባል።

አሁን ወደ ኑዛዜው ልምጣ።

በ1998 ዓ.ም. የእህቴ ልጅ ልታገባ ሽማግሌ መጣ። ልጁ የተማረ፣ ሥራ ያለው፣ ጨዋ ነው። እኛ ደግሞ ከተሜ ሆነናል፤ ሶፋ ላይ ነው የተቀመጥነው። ቡና ከተጠጣ በኋላ ዘር ቆጠራው ተጀመረ፤ አባቱ እገሌ፣ አያቱ እገሌ። ከዘመዶቻችን አንዱ ያንን አገር ያውቅ ኖሮ «አያቱ ቀጥቃጭ አልነበሩም እንዴ?» አለ። ቤቱ ጭር አለ። ሽማግሌዎቹ «እንመካከርበታለን» ተብለው ተሸኙ፤ ምን ማለት እንደሆነ እዚህ ያላችሁ ወላጆች ታውቁታላችሁ። እኔ እዚያ ሶፋ ላይ ነበርኩ። መጽሐፍ አንብቤአለሁ፣ ስለ ምኒልክ አዋጅ በአደባባይ ተናግሬአለሁ፣ ዋርካው ሥር አባቴ ሲጮኽ ሰምቻለሁ። ዝም አልኩ። አንዲት ቃል አልተነፈስኩም።

ልጅቷ ከሁለት ዓመት በኋላ ያንኑ ልጅ በማዘጋጃ ቤት ፈርማ አገባች። አልተጠራሁም። ደግ አደረገች።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር አውቄአለሁ፤ የስድቡ ቃል ይሞታል፣ ገበታው ይገናኛል፣ ጋብቻ ጋ ሲደረስ ግን የሞተ የመሰለው ሁሉ ብድግ ይላል። አንድ ማኅበረሰብ በእውነት ምን እንደሚያምን ማወቅ የሚፈልግ ሰው መፈክሩን ትቶ ሽማግሌ የተመለሰበትን ቤት ይጠይቅ።

እናንተን ደግሞ ዛሬ ጠይብ ብሎ የሚሰድባችሁ የለም። እንዲያውም «ጠይብ» የሚለው ቃል ራሱ ከግእዙ «ጠቢብ» የመጣ ነው ይባላል፤ አዋቂ ማለት ነው። ስድብ ያደረግነው እኛ ነን። ለእናንተ አዲስ ስም ተገኝቷል፦ «ነጥብ ስላልመጣለት ነው እንጂ…»። ለዓመታት የ10ኛ ክፍል ፈተና ያለፈው ወደ መሰናዶ፣ ያላለፈው ወደ ቴክኒክና ሙያ እየተባለ ሲደለደል ኖሮ፣ አገሩ ሁሉ ይህን ግቢ የወደቀ ሰው መጠራቀሚያ አድርጎ ማየት ለመደ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ ነጥብ የሚባለው ነገር ራሱ ምን እየለካ እንደኖረ መጠየቅ የጀመሩ አሉ። ቢሆንም በየቤቱ ያለው አነጋገር ገና ነው። ልጆቻቸውን ለእንግዳ ሲያስተዋውቁ «ይቺ ኢንጂነር ናት፤ እሱ እንኳ ለጊዜው ቴክኒክና ሙያ ገብቷል» ይላሉ። «ለጊዜው»! የአባቴ የግንቦት ጾም እኮ ይኸው ነው። መኪናቸው መንገድ ላይ ሲቆም፣ የውኃ ቧንቧው ሲፈነዳ፣ ቆጣሪው ሲቃጠል ግን ስልክ የሚደወለው «ለጊዜው» ወደተባለው ልጅ ነው።

ምኒልክ «መሐንዲስ» ያሉት እጁ ሥራ የሚሠራውን ሰው ነበር። እኛ ማዕረጉን ወንበር ላይ ለተቀመጠው ሰጥተን መዶሻውን ወርክሾፕ ውስጥ ተውነው። የብቃት ማረጋገጫ (ሲኦሲ) ፈተና ላይ የብየዳችሁን መስመር ሲመረምሩ ያላባችሁ ልጆች የምለው ይገባችኋል።

ወላጆች ሆይ፣ ዛሬ ለምሳ እንግዳ ስትጠሩ «ለጊዜው» የምትለዋን ቃል አውጧት። ይህን ያህል ልለምናችሁ።

ልጨርስ ነው። አባቴ ሊሞት አንድ ዓመት ሲቀረው አጠገቡ ተቀምጬ የጠይቡን ስም ጠየቅሁት። ብዙ አሰበ። በወጣትነቱ የጠመዳቸውን በሬዎች ስም አንድ በአንድ ቆጠረልኝ፤ ቦራ፣ ዳልቻ፣ ሌሎችም። የአንዱን ቀንድ አወጣጥ ሳይቀር አስታወሰ። ስለ ሰውየው ግን «እንጃ ልጄ፣ ጠይቡ ነበር የምንለው» አለኝ። ማረሻችንን ከ20 ዓመት በላይ ስለውልናል። ስማቸውን እኔም አላውቀውም፤ ወንዙ ዳር ሄጄ ብጠይቅ የሚነግረኝ አጣሁ።

አዲስ አበባ ውስጥ በየግቢው የብረት በር ላይ የበያጁ ስምና ስልክ ቁጥር በቀለም ተጽፎ ታያላችሁ። አንዳንድ ባለ ቤት «በሬን አበላሸው» ብሎ ይፍቀዋል። እናንተ ግን ጻፉ። የመጀመሪያውን በር ስትበይዱ፣ የመጀመሪያውን ሞተር ስታስነሡ፣ የመጀመሪያውን ቀሚስ ስትሰፉ ስማችሁን የሆነ ቦታ ላይ አስቀምጡት፤ ሙሉውን፣ ከነአባት ስም።