ጠንካራውን ማዳከም ወይስ ደካማውን ማጠንከር?

እሷ፦ ሄልዳይቨርስ 2 የሚባለው የቪዲዮ ጨዋታ ላይ የሆነውን ታስታውሳለህ? በማርች 2024 ጨዋታውን የሠራው የስዊድኑ ስቱዲዮ አሮውሄድ ሬልገን የሚባለውን መሣሪያ አዳከመው። ቻርጀር የሚሉት ግዙፍ አውሬ ሲንደረደርብህ፣ እግሩ ላይ ተኩሰህ ቅርፊቱን የምትገፍበት መሣሪያ ነበር። ተጫዋቹ ተቆጣ፤ እውነቱን ነው!

እሱ፦ ግን እኮ ብዙው ሰው እሱን ብቻ ነበር የሚይዘው።

እሷ፦ ሌላው አልበቃ ስላለው ነዋ! እዚያ ጨዋታ ውስጥ ጓደኛሞች ተባብረው ከኮምፒውተሩ ጋር ነው የሚዋጉት። አንዱ መሣሪያ ቢጠነክር ማን ተበደለ? ስቱዲዮውም በኋላ ገባው፤ በሴፕቴምበር ሬልገንን ጨምሮ ብዙ መሣሪያዎችን አጠናከረ።

እሱ፦ እዚያ ላይ ተስማማሁ። ዶታ 2 የሚባለው ጨዋታ ግን ሌላ ነው፤ አምስት ለአምስት፣ ሰው ከሰው። ተጫዋቹ የሚመርጣቸው ከ100 በላይ ጀግኖች አሉ። አንዱ ከልክ ቢያልፍ የቀሩትን ሁሉ ልታሳድጊ ነው? የሁሉም ምት እየከበደ ሲሄድ ውጊያው ሳይጀመር ያልቃል፤ አስቦ መልስ ለመስጠት ጊዜ አይተርፍም።

እሷ፦ ያንን ጀግና ለወራት የተለማመደው ልጅስ?

እሱ፦ እኔም አዝንለታለሁ። ለዚህ ነው በትንሽ በትንሹ ይቀነስ የምለው። የምቱ ጉልበት ይቀነስ እንጂ ልጁ የወደደለት ችሎታ አይነካ።

እሷ፦ እንደዚያ ከሆነ አልከራከርህም። ሬልገንን ግን መጀመሪያውኑ ባይነኩት ይሻል ነበር።