በንዑስ አንቀጽ ላይ የሚቀጠል ተውላጠ ስም፦ ባለቤት ወይስ ተሳቢ?



የዛሬው ንግግሬ በንዑስ አንቀጽ መጨረሻ ስለሚቀጠሉ ተውላጠ ስሞች ነው። ንዑስ አንቀጽ፣ ሌሎች አርእስት የሚሉት፣ «ማየት»፣ «ማጨድ»፣ «መክፈል» የመሰለው የግስ መልክ ነው። ጥያቄዬ አንድ ነው፦ ቅጥያው የሚያመለክተው ባለቤቱን ነው ወይስ ተሳቢውን?

በስፓኝኛ «ቤር» ማየት፣ «ሎ» እሱን ማለት ነው። «ኪዬሮ ቤርሎ» ሲባል ትርጉሙ «እሱን ማየት እፈልጋለሁ» ይሆናል። ቅጥያው ተሳቢ ነው። ሁለት ቅጥያም ሊደረደር ይችላል፤ «ዴሲርቴሎ» ማለት «ያንን ለአንተ መንገር» ነው።

አማርኛ በተቃራኒው ይሄዳል። «ማየቴ» ስል የማየው እኔ ነኝ፤ «ማየትሽ» ስል የምታዪው አንቺ ነሽ። ቅጥያው በ«ቤቴ»ና በ«ቤትሽ» የምናገኘው አገናዛቢ ነው፤ የሚጠቁመውም ባለቤቱን ነው። በ«መምታቱ» እሱ መቺ፣ በ«መመታቱ» ተመቺ ቢሆንም በሁለቱም ባለቤቱ እሱ ነው። ተሳቢው ግን «እሱን ማየቴ» እንደምንለው በ«ን» ተለይቶ ለብቻው ይቆማል። ስለዚህ «ቤርሎ»ን «ማየቱ» ብሎ የሚተረጉም ተማሪ፣ የሚታየውን ሰው ተመልካች ያደርገዋል። አማርኛ ተሳቢውን ከግሱ ጋር ማጣበቅ ሲሻ ንዑስ አንቀጹን ትቶ «ላየው እፈልጋለሁ» ይላል።

ጉዳዩ ግን የትርጉም ትምህርት ብቻ አይደለም። በራሳችን ቋንቋ «መክፈሌ»፣ «መክፈልህ»፣ «መክፈሏ» ባለቤታቸው ግልጽ ነው። «መክፈሉ» ግን ሁለት ፊት አለው፤ መጨረሻው የ«እሱ» አገናዛቢም፣ በ«ቤቱ» እንደምናየው የእወቂያ ምልክትም ሊሆን ይችላል። «መሄዱ ይሻላል» የሚል ሰው ስለ አንድ ሰው መሄድ ይናገር፣ ወይም ስለ መሄድ በጠቅላላው፣ ከቃሉ ብቻ አይታወቅም።

በአንበሳሜ ወይም በወረታ አካባቢ አንድ ባለመሬትና አንድ እኩል አራሽ ስለ ሩዝ ማሳ ውል ጻፉ እንበል። ውሉ «ዘሩን በወቅቱ ማቅረቡ ተገቢ ነው» ይላል። ማን ያቅርብ? ባለመሬቱ «እሱ» አራሹ ነው ይላል፤ አራሹም «እሱ» ባለመሬቱ ነው ይላል፤ ሦስተኛ አንባቢ ደግሞ ግዴታው በማንም ላይ አልተጣለም ሊል ይችላል። ሰዋስው ሦስቱንም ይፈቅድላቸዋል። መሬቱ የሴት ቢሆንና «ማቅረቧ» ቢባል ኖሮ ክርክሩ ባልተነሣ።

መፍትሔው ቀላል ነው። በውል፣ በቃለ ጉባኤና በምስክርነት ጽሑፍ፣ ንዑስ አንቀጹ በሦስተኛ መደብ ተባዕት ሲጨርስ ባለቤቱን በስሙ እንጻፍ፦ «አራሹ ዘሩን በወቅቱ ማቅረብ አለበት»። ስፓኝኛ ተማሪም፣ የአማርኛ ጸሐፊም፣ ቅጥያ ባየ ቁጥር «የማን ነው?» ብሎ ይጠይቅ።