የፖከር ጠረጴዛ ከጓሮ ክፍል እስከ ካዚኖ

አቅራቢ ሀ፦ በቴክሳሱ ፖከር ተጫዋች በዶይል ብራንሰን ትዝታ ውስጥ ከድሎቹ ይልቅ ጎልተው የሚታዩት የተጫወተባቸው ቦታዎች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በፎርት ወርዝ ኤክስቼንጅ ጎዳና ከነበሩት ሕገወጥ ቤቶች ተነሥቶ፣ ከከተማ ከተማ ሲዞር ኖሮ፣ ኋላ ላስ ቬጋስ ከትሟልና።

አቅራቢ ለ፦ ልዩነቱ የምቾት ብቻ አልነበረም። በጓሮ ክፍሎቹ ተጫዋቹ አጭበርባሪውን፣ ፖሊሱንና መሣሪያ የታጠቀውን ዘራፊ አብሮ መጠበቅ ነበረበት፤ ይህም ከካርታ ስሌቱ ያልተናነሰ ሙያ ነበር ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1970 በቢኒየንስ ሆርስሹ ካዚኖ የተጀመረው የዓለም ፖከር ውድድር ግን እነዚህን ዘዋሪዎች በአደባባይ አሰባሰባቸው።

አቅራቢ ሀ፦ ብራንሰን በ1976 እና በ1977 ዋናውን ውድድር ያሸነፈው እዚያው ነው። በቴክሳስ ሆልደም፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ተጫዋች ሁለት ካርታ በድብቅ ታድሎ አምስት የጋራ ካርታዎች ጠረጴዛው ላይ በሚገለጡበት የፖከር ዓይነት፣ አሥርና ሁለት ደካማ ካርታዎች ናቸው፤ እርሱ ግን የሁለቱንም ዓመታት የመጨረሻ ዙር በእነዚሁ ረታ፤ የጋራ ካርታዎቹ ፉል ሃውስ፣ ይኸውም ሦስት አቻና ሁለት አቻ ካርታዎች አስገኝተውለት ነበርና። ዕድል ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም።

አቅራቢ ለ፦ በ2003 በኢንተርኔት ማጣሪያ የገባው የሒሳብ ሠራተኛ ክሪስ መኒሜከር 2.5 ሚሊዮን ዶላር ሲያሸንፍ፣ የዋናው ውድድር ተሳታፊ በዓመቱ ከ839 ወደ 2,576 አሻቀበ፤ የቢኒየንስ ክፍሎች ጠበቡና ውድድሩ በ2005 ወደ ሪዮ ሆቴል ተዛወረ።